የድሬዳዋ ዛፍና የሁርሶ ንብ

መላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» ብሎ የሚጠራው ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ቬንሰስላስ ቦየር የሚባል የቦሄሚያ ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ በዚያች ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ አገኘው፤ በ1829 እ.ኤ.አ. ሥዕሉና መግለጫው በእንግሊዝ አገር ታተመ። ከዚያ በኋላ የሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች እየተቀባበሉ ሙቀት ባለበት አገር ሁሉ ተከሉት። ከባሕሩ ጋር በሐዲድ የተሳሰረችው ድሬዳዋ ደግሞ ስሟን እስክታወርሰው ድረስ የራሷ አደረገችው።

ዛፉን ለማጣጣል አልተነሣሁም። በግንቦት እኩለ ቀን በከዚራ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ የዚህ ዛፍ ባለዕዳ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባቴ በሁርሶ ጣቢያ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ እዚያ ተወልጄ አድጌ፣ በኋላ በድሬዳዋ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ጓሮውን ሲተክል ጥላውን፣ ፍሬውንና ውበቱን እያሰበ ተክሏል። «ንቧ በጥር ምን ትበላለች?» ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ድሬዳዋም ሁርሶም እንዴት አረንጓዴ እንደሆኑ የሚተርክ ሰው ይህን ጥያቄ ይዞ ቢነሣ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከሐዲዱ በፊት የነበረውን ላስቀድም። ከሐረር ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ በሰሜን ወደ ሽንሌ፣ በምዕራብ ወደ ኤረር የሚዘረጋው ሜዳ የኢሳ ሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ ምድር ነው። ዝናቡ በሁለት ይመጣል፤ በበልግ አንዴ፣ በክረምት አንዴ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ባዕድ ሰው ይህን ምድር በበጋ ሲያየው እሾህና አቧራ ብቻ ይመስለዋል። ምድሩ ግን በበጋም ያብባል። ቁርቁራ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ ጥቃቅን ቢጫ አረንጓዴ አበባውን ያወጣና እስከ በጋው መግቢያ ይዘልቃል። ኢሳዎች ቢልዒል የሚሉት፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የቆለመመ ግራር ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፍ ሆኖ ሳለ፣ የበልግ ዝናብ ገና ሳይጥል ነጭ አበባ ይለብሳል። ሳይንሱም በላቲን ስሙ «ማር አፍላቂ» ብሎታል። ገርቢ ደግሞ የሁሉም ተቃራኒ ነው፤ በክረምት ቅጠሉን ይጥላል፣ በበጋ ይለመልማል፣ አበባውንም የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ነው። በወንዝ ዳር ሁመርና ሚስዋክ አለ፤ በድንጋያማው ዳገት እሬት።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያ ያስተማረኝ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ አይደለም። ጣቢያችን አጠገብ ግመል ያጠጡ የነበሩ አንድ የኢሳ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ልጆች «አባባ» እንላቸዋለን፣ እሳቸውም አማርኛቸውን ከሶማሊኛ እያቀላቀሉ ይመልሱልናል። ንብ ወዴት እንደምትበር አይተው የት ዝናብ እንደጣለ ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን ምሽት ላይ ሌቢ የሚሉትን ዛፍ አሳዩኝ። አበባው ማታ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ሲያረጅ ወደ ቢጫና ብርቱካንማ ይለወጣል። ከአበባው ፊት አንዲት ትልቅ የእሳት እራት ክንፏን እያርገበገበች በአየር ላይ ቆማ ረጅም ምላሷን ስትሰድ አየሁ። ሌቢ የድሬዳዋ ዛፍ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለማስተማር ሳነብ ነው። ሁለቱም የአንድ ወገን ናቸው። የዚህ ወገን ዛፎች አብዛኞቹ ማዳጋስካር ሲቀሩ ሌቢ ግን የምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ የሶማሌ ምድርና የዐረቢያ ተወላጅ ነው። በደጃችን የበቀለው ዘመድ እያለ በከተማችን ስም የተጠራው ከባሕር ማዶ የመጣው ሆነ።

ሐዲዱ እንዴት እንደመጣ አብዛኛው አንባቢ ያውቃል፤ አሳጥሬ ልለፈው። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሥራ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራሮቹ ግርጌ ደረሰ። ሐረር ድረስ መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለነበር ጣቢያው ሜዳው ላይ ተሠራ፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችውም ከተማ ተቆረቆረች። የሐዲዱ ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለዓመታት እዚያው ቆመ። በሁርሶ፣ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ አድርጎ ወደ አዋሽ የቀጠለው ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ውሃው ነው። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ያለ ውሃ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ጣቢያ የሚተከለው ውሃ ታስቦ ነው፣ ውሃ ባለበት ደግሞ ጓሮ ይፈጠራል። የኩባንያው ፈረንሳዮች ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራን በቀጥተኛ መንገዶች ሲቀይሱ ግራና ቀኙን ዛፍ አስተከሉ። ከሕንድ የተገኘው ኒም፣ ከደቡብ አሜሪካ የተገኘው ቡገንቪል በየአጥሩና በየበረንዳው ተስፋፉ። የሽመንደፈር ሠራተኛም ችግኙን ከድሬዳዋ ወደየጣቢያው ይዞ ወጣ። እናቴ ጓሮዋን የምታጠጣው በእጥበት ውሃ ነበር፤ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ በሶብላና ጤና አዳም ነበራት፤ አጥሩ ላይ ደግሞ ቡገንቪል።

እስቲ እነዚህን በንቧ ዓይን እንያቸው። የቡገንቪል ቀለም ያለው ክፍል አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለው ቀጭን ነጭ ቱቦ ነው፤ ረጅም ምላስ ላላት ቢራቢሮ ትንሽ ይሰጣል፣ ለንብ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የድሬዳዋ ዛፍ አበባም የተሠራው ለትልልቅ ነፍሳትና ለወፍ ነው። ኒም ይሻላል፤ በሙቀቱ መግቢያ ላይ የሚያወጣው ጥቃቅን ነጭ አበባ ንብ ይጠራል። ሆኖም ኒሙም የድሬዳዋ ዛፉም የሚያብቡት በአንድ ወቅት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ የበልጉ ዝናብ ጥሎ ዱሩም ራሱ አብቧል። ከተማይቱ በጠገበ ላይ ድግስ ጨመረች፤ ለደረቁ ወራት ግን አንድም ነገር አላዘጋጀችም። የእናቴ በሶብላ ግን ውሃ እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ያብብ ነበር። ያቺን የወጥ ማጣፈጫ የተከለች ሴት ሁሉ ሳታውቀው ከመሐንዲሶቹ የበለጠ ንብ መግባለች ብዬ አምናለሁ።

የሁርሶና የኤረር ስም የተጠራው ግን በብርቱካን ነው። በመስኖ የለሙት የኤረር፣ የጎታና የሁርሶ የፍራፍሬ እርሻዎች፣ ከድሬዳዋው ቶኒ ፋርም ጋር፣ ለረጅም ጊዜ የምሥራቁ ብርቱካንና መንደሪን መገኛ ነበሩ። ቶኒ ፋርም ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቦታ ነው። ባቡሩ ሲቆም ሴቶችና ልጆች ፍሬውን በቅርጫት ይዘው ወደ መስኮቶቹ ይሮጣሉ፤ የምድር ባቡር መንገደኛ የነበረ ሰው ይህን አይረሳውም። ብርቱካን ከብርዱ በኋላ ውሃ ሲጠጣ በአንድ ጊዜ ያብባል፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሽታው ሐዲዱ ድረስ ይመጣ ነበር። ንቧም ያን ሰሞን ከእርሻው አትወጣም። ለንቦች ከእርሻው የተሻለ ጎረቤት አልነበራቸውም፤ ከደረቁ ወራት መጨረሻ ላይ ብዙ አበባ ይቀርብላቸዋል። እስከዚያ ድረስ በሕይወት የሚያቆያቸው ግን እርሻውን የከበበው ቁርቁራና ግራር ነበር። ብርቱካኑና እሾሁ ተባብረው ዓመቱን ይሞሉት ነበር ማለት ነው።

የዚህች ንብ ነገር ተለይቶ ሊነገር ይገባዋል። በቆላችን የምትገኘው የማር ንብ ከደጋው ንብ ታንሳለች። ፍሪድሪክ ሩትነር የተባለው ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. አፒስ ሜሊፌራ ጀሜኒቲካ ብሎ የሰየማት፣ ከየመን እስከ ሱዳን ደረቅ ቆላ ያለችው ወገን ናት። ሙቀትንና ድርቅን በመቻል አቻ የላትም። ይሁን እንጂ አበባ ሲጠፋ ቀፎዋን ጥላ ትሄዳለች። የሁርሶ ሰው «ንቤ ከዳችኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ንቧ አልከዳችም፤ የምትበላው አጥታ ተሰደደች። በየመን ሐድራሞት ስመ ጥር የሆነውና በውድ የሚሸጠው የሲድር ማር የሚገኘው ከዚሁ ከእኛው ቁርቁራ አበባ ነው። ከኤደንና ከሐድራሞት እየመጡ ድሬዳዋ መጋላ ላይ ሱቅ የከፈቱት የመኖች የዛፉን ዋጋ ያውቁ ነበር። እኛ ግን ለአጥር ጭራሮ ቆረጥነው።

ከማር ንብ ሌላ ስማቸው የማይነሣ ብዙ ነፍሳት አሉ። ፓፓያን በሌሊት ብናኝ የምታራክበው የእሳት እራት ናት፤ ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ በሚቆሙበት ጊዜ ያለ እሷ ፍሬ ብዙም አይገኝም። ማንጎ ከዝንቦችና ከጥቃቅን ንቦች ጋር ይሠራል። ቲማቲም አበባው በንዝረት ካልተናጠ ዱቄቱን በደንብ አይለቅም፤ የማር ንብ ይህን አትችልም፣ ደረቅ እንጨት ሰርስራ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ ግን ትችላለች። እኔ ልጅ ሳለሁ እነዚህ ጥቁር ንቦች በጣቢያው አሮጌ አግዳሚ ወንበሮችና በአጥር እንጨቶች ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሐዲዱ ላይ ቦታ አልነበራቸውም፤ ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ መሸከሚያው ከብረት ተሠርቷል። አጥሩ ሁሉ ወደ ቆርቆሮና ብሎኬት ሲለወጥ ቤታቸው ጠፋ።

ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የመጣው ለውጥ የበረታ ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የንግድ እርሻዎቹም እንዲሁ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ድርቁ፣ ጦርነቱና የከሰል ፍላጎቱ ተደራርበው ግራሩን አሳሱት። በዚሁ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ ድሬዳዋ ጎሮ ከሚገኘው የችግኝ ጣቢያ ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ ወጣ። ከሕንድ እንደመጣ ይታመናል፤ የተተከለው አፈር እንዲይዝ፣ ማገዶ እንዲሆን፣ ምድረ በዳውን እንዲያለብስ ነው። ዓላማው ቅን ነበር፤ ያኔ የነበረውን ችግር ላየ ሰው ሌላ ምርጫ የለም የሚያሰኝ ነበር። የዛፉን ፍሬ ግን ከብትና ግመል እየበሉ በፋንድያቸው ይዘሩታል፣ ጎርፍም ያዳርሰዋል። ዛሬ ከድሬዳዋ እስከ አፋር ሜዳ ስንት የግጦሽ ምድር እንደወሰደ የአፋርና የኢሳ እረኞችን መጠየቅ ነው።

ስለ ፕሮሶፒስና ንብ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ንብ ትወደዋለች፤ ረጅም ጊዜ ያብባል፤ ማርም ይገኝበታል። ይህን አይተው «እንግዲያው ለንብ ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ከሥሩ ሣር አይበቅልም፣ ሌላ አበባ አይበቅልም፣ ቢልዒልና ቁርቁራ ቦታ ያጣሉ። አንድ ዛፍ ብቻ ያለበት ሜዳ የማር ንብን ይመግብ ይሆናል፤ ሌቢን የምትፈልገውን የእሳት እራት፣ እሬትን የሚፈልገውን ወፍ፣ በሣር መሐል የምትኖረውን ትንሿን ንብ አይመግብም። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋና በደሴ ቅንጨ አረም መታየቱ ተመዘገበ። ሐረርጌ ፋራምሲሳ የሚለው አረም ነው። እሱም የበልግ አበቦችን መሬት ነጠቀ።

ቀጥሎ አንበጣው መጣ። በ2012 ዓ.ም. ምሥራቁን የወረረው የበረሃ አንበጣ ከብዛቱ የተነሣ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ ሄዶ አርፏል። ሰብል ለማዳን ኬሚካል በአውሮፕላንም በእጅም ተረጨ። ረሃብ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ አትርጩ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ኬሚካሉ አንበጣን ከንብ አይለይም። እንዲህ ካለ ዘመን በኋላ የተረፉት ነፍሳት መልሰው የሚራቡት ቅርብ የሆነ አበባ ካገኙ ብቻ ነው። የጓሮ ነገር ከውበት ያለፈ ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ የሰፊው ዱር ክፍተት የሚደፈነው በግቢና በትምህርት ቤት አጥር ከሆነ ቆይቷል።

ሬይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ የኢትዮጵያን የንብ ዕፅዋት የያዘ መጽሐፍ በ1986 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ወደ 500 የሚጠጉ ተክሎች ተገልጸውበታል። ተማሪዎቼን የማስጠናው ከእሱና ከደጃችን ነበር። አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው «ለንብ የሚሆን አበባ ስጠኝ» ሲል ብዙ አበባ ያለውን ይመርጣል። መመረጥ ያለበት ግን የሚያብብበት ወር ነው። ግንቦት ላይ የሚያብብ ሃያ ተክል ካላችሁ፣ ኅዳር ላይ የሚያብብ አንድ ተክል ከሃያዎቹ ይበልጣል።

ስለዚህ በአሁኑ ግቢዬ የድሬዳዋ ዛፉን አልነቀልሁም፤ አጠገቡ ቁርቁራ ተክያለሁ። በጥቅምት ጠዋት ቁርቁራው ላይ ያለው የንብ ድምፅ ከቤት ውስጥ ይሰማል። ሽፈራው ካጠጣሁት ያለ ዕረፍት ያብባል፣ ቅጠሉም ለእኛ ምግብ ነው። እሬቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ምንም አይጠይቀኝም፤ በበጋው ቀይ ዘንጉን ሲያወጣ ንብም ወፍም ይሻሙበታል። በሶብላና ድንብላል በእጥበት ውሃ ይኖራሉ፤ ድንብላሉን ሁሉንም አልነቅለውም፣ ጥቂቱን አበባ እንዲያወጣ እተወዋለሁ። በጓሮው ጥግ አንድ የደረቀ የግራር ግንድ አለ፤ ልጆቼ ለማገዶ ሊፈልጡት ሲሉ ከልክያለሁ፣ ጥቁሯ ንብ ሰርስራ ገብታበታለችና። ለሌቢ ግቢዬ ይጠባል። እሱ የሚገባው ሰፊ ቦታ ነው፤ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ አሮጌው የሐዲድ ዳር። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አሮጌው መስመር በየጣቢያው ባዶ መሬት ትቶ ቀርቷል፤ የሁርሶም እንዲሁ።

ገርቢን በተመለከተ የሐረርጌ ገበሬ ከሁላችንም ቀድሟል። ከድሬዳዋ በላይ ባለው ደጋ ማሽላና በቆሎ መሐል ገርቢ ትቶ ያርሳል። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ከዛፉ ሥር ያለው እህል ከሜዳው እህል የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ዛፉ በክረምት ቅጠል ስለሌለው ሰብሉን አይጋርድም፤ በበጋ ደግሞ ለከብት ፍሬና ቅጠል፣ ለንብ አበባ ይሰጣል። በሁርሶ መስኖ ዳር ይህን የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ በእኛም አካባቢ እንዲሁ። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለከርሞ ዘር ስትሰበስቡ ከኒሙና ከድሬዳዋ ዛፉ ጎን የቁርቁራ፣ የቢልዒል፣ የገርቢና የሌቢ ዘር ሰብስቡ። ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ዘር በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አብቅሉት። የሁርሶ ጎረቤቶቼም በአጥራችሁ ጥግ ራሱ የበቀለውን ቁርቁራ «እሾህ ነው» ብላችሁ አትቁረጡት፤ ጥቅምት እስኪመጣ ጠብቁት።